ስዊች 2፦ «ልግዛ ወይስ ልቆይ?» ለሚሉ አንባቢያን

ኒንቴንዶ አዲሱን ኮንሶሉን (የጌም መጫወቻ ማሽኑን) ስዊች 2ን ግንቦት 28 ቀን 2017 (በፈረንጆቹ ጁን 5 ቀን 2025) ለገበያ አቀረበ። ቀደም ብሎ ጥር 8 ቀን በአጭር ቪዲዮ ብቅ አድርጎ አሳይቶን ነበር፤ መጋቢት 24 ቀን ደግሞ ዋጋውንና ጌሞቹን ይፋ አደረገ። ከዚያ ቀን ወዲህ የደረሱን ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ግማሾቹ «መቼ ነው እጄ የሚገባው?» ይላሉ። የቀሩት «ገንዘቤን ይበላኝ ይሆን?» ብለው ይሰጋሉ። የምንመልሰው ለሰጉት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሊልክልኝ ነው። ዋጋው 449 ዶላር ነው ብለውኛል። በዚህ ብር ሁሉ ነገር ይሟላል ወይስ ሌላ የሚገዛ አለ? (ከአዲስ አበባ)

449 ዶላር ከ99 ሳንቲም ኮንሶሉ በወጣበት በ2025 (እንደ ፈረንጆቹ) የነበረው የኮንሶሉ ዋጋ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎችም የዚያን ጊዜ ናቸው። ካርቶኑ ውስጥ ኮንሶሉ፣ ጥንድ ጆይ-ኮን 2 (ከጎኑ የሚነቀሉት ትንንሽ ጆይስቲኮች)፣ ከቴሌቪዥን የሚያገናኘው ዶክ፣ ባለ 60 ዋት ቻርጀር፣ የኤችዲኤምአይ ገመድና ሁለቱን ጆይ-ኮኖች አንድ ላይ የሚይዘው መያዣ አለ። ጌም የለም።

ከማሪዮ ካርት ወርልድ ጋር ተጣምሮ የተሸጠው 499 ከ99 ነበር። ጌሙ ለብቻው 79 ከ99 ስለነበር 30 ዶላር ይተርፍሃል። ግን ልብ በል፤ በጥምሩ ውስጥ ያለው ማሪዮ ካርት የሚሰካ ካርድ አይደለም፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። ክብደቱ ከ20 ጊጋ በላይ ነው፤ ጨርሰኸው ልሽጠው ወይም ለጓደኛዬ ላውሰው ብትል እንደ ካርድ አንስተህ የምትሰጠው ነገር የለም። ቤትህ ጥሩ ኢንተርኔት ከሌለ 30 ዶላሩን ተወውና ኮንሶሉን ለብቻው፣ ጌሙን በካርድ አስገዛ።

በዚያ ላይ 256 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ 60 ዶላር ገደማ ጨምር። ስለ ካርዱ ከታች በሰፊው አለ። ጥንዱ ጆይ-ኮን ለሁለት ሰው ስለሚበቃ ሌላ ጆይስቲክ መጀመሪያ ላይ አያስፈልግህም። ፕሮ ኮንትሮለሩ (ለብቻው የሚሸጠው ትልቁ ጆይስቲክ) በሚያዝያ 2017 በአዲሱ የአሜሪካ የገቢ ቀረጥ ሰበብ ከ79 ከ99 ወደ 84 ከ99፣ ተጨማሪ የጆይ-ኮን ጥንድ ደግሞ ከ89 ከ99 ወደ 94 ከ99 ከፍ ብሏል። ሌላም ነገር አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው መያዣ ጆይ-ኮኖቹን ቻርጅ አያደርግም። ቻርጅ የሚያደርገው ለብቻው 39 ዶላር ከ99 ነው። ኮንሶሉ ላይ ገጥመህ ቻርጅ ስለምታደርጋቸው ግን ባትገዛውም አይጎድልብህም።

ስለዚህ ወንድምህ 600 ዶላር ይዞ ይግባ። የሽያጭ ታክሱ እንደሚኖርበት ስቴት ይለያያል።

ጥያቄ፦ በአሮጌው ስዊቼ ላይ ባለ 400 ጊጋ ሚሞሪ አለኝ፤ ጌሞቹ ሁሉ እሱ ላይ ናቸው። አውጥቼ አዲሱ ላይ ብሰካው ይሠራል? 12 ካርድ ጌምም አለኝ። (ከአዳማ)

ሚሞሪው ጌም ለማጫወት አይሠራም። አዲሱ ኮንሶል ጌም የሚያስቀምጠው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ በሚባለው ካርድ ላይ ብቻ ነው። የድሮው ካርድህ የሚጠቅመው በአሮጌው ስዊች ያነሳሃቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ወደ አዲሱ ለመገልበጥ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ፍጥነት ነው። የተለመደው ማይክሮ ኤስዲ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ኤክስፕረሱ እንደ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ባለ መንገድ ስለሚሠራ 800 አካባቢ ይደርሳል። የስዊች 2 ጌሞች የሚሠሩት ይህን ፍጥነት ታሳቢ አድርገው ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገበያው ውስጥ «ኤክስትሪም» የሚል ስም የተጻፈበት ካርድ ሞልቷል። ኤክስትሪም እና ኤክስፕረስ አንድ አይደሉም፤ ኤክስትሪም የተለመደው ካርድ የንግድ ስም ነው። ሻጩ «ይኼ ፈጣኑ ነው» ቢልህ ካርዱን ገልብጠህ ጀርባውን እይ። የተለመደው ካርድ ከላይ በኩል አንድ ረድፍ የወርቅማ ጥርስ ብቻ አለው። ኤክስፕረሱ ከሥሩ ሁለተኛ ረድፍ አለው። ከፊት ደግሞ ከማይክሮ ኤስዲው ምልክት አጠገብ «ኢ» እና «ኤክስ» የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመዋል። ሁለተኛው ረድፍ ወይም ሁለቱ ፊደላት ከሌሉ አትግዛ።

ኮንሶሉ ራሱ 256 ጊጋ አለው፤ የ2017ቱ (እንደ ፈረንጆቹ) ስዊች 32 ብቻ ነበረው። በካርድ የምትጫወት ከሆነ ሚሞሪ ሳትገዛ ጥቂት ወራት መቆየት ትችላለህ።

12ቱ ካርዶችህ በአብዛኛው ይሠራሉ፤ የድሮ ካርድ በአዲሱ ማስገቢያ ይገባል። የማይሠሩት ጥቂት ናቸው። ለምሳሌ የካርቶኑ ላቦ ቪአር (ኮንሶሉ የሚገባበት የካርቶን መነጽር) አይሠራም፤ የአዲሱ ኮንሶል ቁመት ስለሚበልጥ ካርቶኑ ውስጥ አይገባም። እንደ ሪንግ ፊት (የስፖርት ጌም) ያሉት ደግሞ የድሮውን ጆይ-ኮን ይፈልጋሉ። የድሮው ጆይ-ኮን ከአዲሱ ጋር በገመድ አልባ ይገናኛል፤ ነገር ግን ጎኑ ላይ አይገጠምም፣ ቻርጅም አያደርግም። ስለዚህ አሮጌውን ስዊች ስትሸጥ ጆይ-ኮኖቹንና ቻርጅ የምታደርግበትን ነገር አስቀርተህ ብትሸጥ ይሻላል።

መሸጡን ካነሳን ዘንድ አንድ ከባድ ነገር አለ። በስዊች ላይ ጌሙ ሚሞሪ ካርድ ላይ ቢሆንም የደረስክበት ደረጃ፣ ማለትም ሴቩ፣ የሚቀመጠው ኮንሶሉ ውስጥ ነው። ካርዱ ላይ አይደለም። አሮጌውን አጽድተህ ከሸጥከው በኋላ «ካርዱ እጄ ላይ ነው» ብትል የሦስት ዓመት ልፋትህ አብሮ ሄዷል። መጀመሪያ አዲሱ እስኪደርስ ጠብቅ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ በተመሳሳይ ዋይፋይ ላይ አስተላልፍ፤ አዲሱ ላይ ሁለት ሦስት ጌም ከፍተህ ሴቩን በዓይንህ ካየህ በኋላ አሮጌውን አጽዳ። አዲሱ ሳይደርስ መሸጥ ግድ ከሆነብህ መረጃውን ወደ ኒንቴንዶ ሰርቨር የመጫን አማራጭ አለ፤ እሱንም ቢሆን መጫኑ እስከ መጨረሻው መድረሱን ሳታይ አሮጌውን ለገዢ አታስረክብ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ዋይፋይ የለም፤ የምጠቀመው የሞባይል ዳታ ነው። ጌሞቹን በካርድ ብቻ ብገዛ ከዳታ ጣጣ እገላገላለሁ? (ከደሴ)

በአሮጌው ስዊች ቢሆን «አዎ፣ በአብዛኛው» እንልህ ነበር። በአዲሱ ግን ካርድ ማለት ሁልጊዜ ካርድ አይደለም።

ሦስት ዓይነት ካርቶን ታገኛለህ። የመጀመሪያው ጌሙ በሙሉ ካርዱ ላይ ያለበት ነው። የኒንቴንዶ የራሱ ማሪዮ ካርት ወርልድ እንዲህ ነው፤ ከሌሎች አምራቾች ደግሞ ሳይበርፐንክ 2077 በ64 ጊጋ ካርድ ሙሉውን ይመጣል። ሁለተኛው «ጌም-ኪ ካርድ» የሚባለው ነው። ካርዱ ውስጥ ጌሙ የለም፤ ቁልፉ ብቻ ነው ያለው። ስትሰካው ኮንሶሉ ጌሙን ከኢንተርኔት ያወርዳል። አንዴ ከወረደ ወዲያ ያለ ኢንተርኔት ትጫወታለህ፤ ካርዱ ግን ሁልጊዜ ተሰክቶ መቆየት አለበት። ስትሪት ፋይተር 6 እና ብሬቭሊ ዲፎልት እንዲህ ናቸው። ሦስተኛው ካርቶኑ ውስጥ ኮድ የታተመበት ወረቀት ብቻ ያለበት ነው።

ሁለተኛውን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው። ከካርቶኑ ፊት ከታች በኩል ነጭ መስመር ላይ የቁልፍ ሥዕል ያለበት ካርድ ተስሎ ጌም-ኪ መሆኑ ተጽፏል። ከሩቅ ዘመድ የሚገዛልህ ከሆነ የፊቱን ፎቶ ሳትቀበል «እሺ ግዛው» አትበል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ስትሪት ፋይተር 6 ወደ 50 ጊጋ ይጠጋል። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ ጌም የሚመዘነው በባይት ነው። በሜጋቢት የተነገረህን ለ8 አካፍል። 5 ሜጋቢት መስመር በሰዓት 2 ጊጋ ከሩብ ያህል ያወርዳል። 50 ጊጋ ለማውረድ ሳይቋረጥ 22 ሰዓት ይፈጃል። በ20 ሜጋቢት ወደ 5 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ከሆነ ደግሞ ዳታው የጌሙን ዋጋ አብሮት ሊሽቀዳደም ይችላል፤ ከመግዛትህ በፊት የአንድ ጊጋህን ዋጋ በ50 አባዛና ራስህ ፍረድ።

ጌም ባታወርድም አንድ ጊዜ ኢንተርኔት የግድ ነው። የድሮ የስዊች ጌሞችን አዲሱ ላይ ለማጫወት ኮንሶሉ መጀመሪያ ሲስተሙን ማሻሻል አለበት። ስለዚህ አዲሱን ኮንሶል አገር ቤት ደርሶ ካርቶኑን ስትከፍት ያለ ኢንተርኔት የድሮ ካርድህን ሰክተህ ለመጫወት ብትሞክር እምቢ ይልሃል። ተበላሽቶ አይደለም።

መላው ኮንሶሉ ተንቀሳቃሽ መሆኑ ነው። ጥሩ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት ወይም ሆቴል ይዘኸው ሂድ። የይለፍ ገጽ የሚከፍት ዋይፋይ ቢሆንም ኮንሶሉ ገጹን ራሱ ያመጣልሃል። ቻርጀር ላይ አድርገህ ማውረዱን አስጀምርና አጥፋው ሳይሆን አስተኛው፤ ተኝቶም ያወርዳል። መስመሩ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ከዜሮ አይጀምርም። ዶኩ የኬብል ኢንተርኔት መሰኪያ ስላለው ከራውተሩ አጠገብ ከሆንክ በገመድ ማውረድ ከዋይፋይ የተረጋጋ ነው። ጌሙን ጨርሰህ ቦታ ስትፈልግ ግን ሳታስብ አትሰርዘው፤ ጌም-ኪ ከተሰረዘ እንደገና 50 ጊጋ ነው።

ስለ ጌም-ኪ ከዳታው ሌላ የሚያሳስበን ጊዜው ነው። ኒንቴንዶ የቀድሞ ኮንሶሎቹን፣ የ3ዲኤስንና የዊ ዩን፣ የኢንተርኔት መደብር መጋቢት 18 ቀን 2015 ዘግቶታል፤ የተገዛውን እንደገና ማውረድ እስካሁን ይቻላል፤ አዲስ መግዛት ግን አይቻልም። ሙሉ ጌም ያለበት ካርድ ከ15 ዓመት በኋላም ይሠራል። ቁልፉ ግን ሰርቨሩ እስካለ ድረስ ነው። እኛ ብንሆን በጌም-ኪ የሚመጣውን ጌም በሙሉ ዋጋ አንገዛም፤ ቅናሽ እስኪመጣ እንጠብቃለን።

ጥያቄ፦ የአሜሪካው 110 ቮልት ነው ይሉኛል። ለእናቴ ቤት ትራንስፎርመር አብሬ ልላክ? መብራቱም በየቀኑ ይጠፋል። (ከቨርጂኒያ)

ትራንስፎርመር አይላኩ። የኮንሶሉ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ለማረጋገጥ ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የመግቢያው መስመር ላይ 100–240 የሚል ካለ አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ይሰካል። ርካሽ ትራንስፎርመር ራሱ ቮልቱን እያወዛወዘ ደህናውን ቻርጀር ሲያቃጥል ይታያል።

የሚያስፈልገው የሶኬት ቅርጽ መቀየሪያ ብቻ ነው፤ የአሜሪካው ጠፍጣፋ ጥርስ አገር ቤት ካለው ክብ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። መቀየሪያው ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ይጣሉት፤ የላላ ግንኙነት ብልጭታ ይሰጣል፣ ይሞቃል፣ መጨረሻም ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

ስለ መብራቱ፦ በዚህ በኩል ስዊች 2 ከፕሌይ ስቴሽን ይልቅ ለአገራችን ቤት ይመቻል። ፕሌይ ስቴሽን 4 መብራት ሲጠፋበት ድርግም ይላል፤ ሲበራም ስቶሬጁን እየፈተሸ ያስጠብቃል። ስዊች ባትሪ ስላለው ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም ጌሙ አይሞትም፤ ከዶኩ ላይ አንስቶ በራሱ 7.9 ኢንች ስክሪን መቀጠል ይቻላል። ባትሪው 5,220 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሲሆን ኒንቴንዶ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይላል። ከባድ ጌም ከሆነ ወደ 2 ሰዓቱ ያስጠጉት።

ጉዳት የሚያመጣው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን አመጣጡ ነው። በተመለሰበት ቅጽበት ቮልቱ ዘሎ ይገባል። ለፍሪጅ የሚገዛው፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያገናኘው መከላከያ እዚህም ይሠራል። እሱ ከሌለ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል፣ ከተመለሰ ከ5 ደቂቃ በኋላ መሰካት።

ሌላው የተለመደ ችግር፦ ቻርጀሩ ሲጠፋ ወይም ሲቃጠል በስልክ ቻርጀር ይሞክሩታል። ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ ይገባል፣ ኮንሶሉንም ቀስ እያለ ይሞላል። ዶኩ ላይ ሲያደርጉት ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም አይመጣም። የአሮጌው ስዊች ቻርጀርም እንዲሁ ነው፤ ይሞላል እንጂ ዶኩን አያሠራም። የአሮጌው ዶክ ደግሞ ከአዲሱ ጋር ጭራሽ አይሠራም። ስለዚህ «ዶኩ ተበላሸ» ከመባሉ በፊት የመጣበት ባለ 60 ዋት ቻርጀርና የመጣበት የኤችዲኤምአይ ገመድ መሰካታቸው ይታይ።

በአውሮፕላን ሲልኩ ኮንሶሉን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አያድርጉት። ባትሪው 20 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከሚፈቀደው 100 ዋት-ሰዓት በብዙ ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ጃፓን የምትማር የአክስቴ ልጅ እዚያ በጣም ርካሽ ነው አለችኝ። እውነት ነው? (ከጎንደር)

እውነት ነው፤ ግን ለአንቺ አይሆንም። ጃፓን ውስጥ ሲወጣ በ49,980 የን የተሸጠው በጃፓንኛ ብቻ የሚሠራ ነው፤ የሚቀበለውም አገሩ ጃፓን የተባለ የኒንቴንዶ አካውንት ብቻ ነው። ቋንቋ የሚቀየርበት ሞዴል 69,980 የን ነበር። የ20,000 የኑን ልዩነት አይታ ርካሹን እንዳትገዛልሽ ዛሬውኑ ንገሪያት። ከሌላ አገር የሚገዛው ኮንሶል ግን በአገር አልተቆለፈም፤ የአሜሪካ ኮንሶል የአውሮፓ ካርድ ያጫውታል።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ሆኜ ከኒንቴንዶ የኢንተርኔት መደብር እንዴት ልገዛ እችላለሁ? (ከሐዋሳ)

የኢትዮጵያ የኒንቴንዶ መደብር የለም። የሚሠራው መንገድ አካውንቱን መደብር ወዳለበት አገር ማድረግና የዚያኑ አገር የስጦታ ካርድ ኮድ መግዛት ነው። ኮዱ ከአካውንቱ አገር ጋር ካልገጠመ አይቀበለውም፤ የዶላር ኮድ በዩሮ አካውንት አይገባም። አገር ለመቀየር ደግሞ አካውንቱ ላይ ቀሪ ሒሳብ መኖር የለበትም፤ 3 ዶላር ተርፎህ ተቆልፎብህ እንዳትቀር። ከመጀመሪያው ዘመድ ያለህበትን አንድ አገር ምረጥና በእሱ ጽና። ኮድ ስትገዛ ከምታውቀው ሰው ይሁን፤ በስልክ ፎቶ የተላከ ኮድ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ገንዘብህን የምትጠይቅበት ቦታም የለም።

ጥያቄ፦ 4 ፕሌይ ስቴሽን 4 ያለው ጌም ቤት አለኝ። ወጣቱ ስለ ስዊች 2 ያወራል። አንድ ላስገባ? (ከጅማ)

አሁን አይግቡበት። ጌም ቤት የሚኖረው በኳስ ነው፤ ደንበኛዎ ከፍሎ የሚቀመጠው ለኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ (ለድሮው ፊፋ) ነው። አምራቹ ኢኤ ኤፍሲን ወደ ስዊች 2 እንደሚያመጣ መጋቢት 2017 ላይ ተነግሮ ነበር፤ ኮንሶሉ በወጣበት ቀን ግን አልነበረም። በድሮው ስዊች ላይ ያለው ታሪክም አያበረታታም፤ ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 ድረስ የወጡት «ሌጋሲ» የተባሉ ነበሩ። ማልያና የተጫዋች ዝርዝር ብቻ የተቀየረባቸው የአሮጌ ጌም ቅጂዎች ናቸው፤ እንደ አዲስ ግን ተሸጡ።

ጆይ-ኮኑን ለሁለት ከፍለው ቢያጫውቱ በአንድ እጅ የሚቀረው አንድ ስቲክ ብቻ ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ ለኳስ አይመችም። ስለዚህ ሁለት ፕሮ ኮንትሮለር፣ 170 ዶላር። ኮንሶሉም ከዶኩ ተነቅሎ ኪስ የሚገባ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጌም ቤትዎ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ የድሮው ጆይስቲክ ሳይነካ ራሱ ይሄድ ነበር። አዲሱ ተስተካክሏል? (ከስቶክሆልም)

ኒንቴንዶ ስቲኮቹን እንደ አዲስ እንደሠራቸው፣ ትልቅና ለስላሳ እንዳደረጋቸው ተናግሯል። ብዙ ሰው የጠበቀው ሆል ኢፌክት የሚባለው የማግኔት ዓይነት ግን እንዳልሆነ የኩባንያው ኃላፊዎች ራሳቸው አረጋግጠዋል። ስለዚህ መሻሻሉን ተስፋ ማድረግ ይቻላል፤ ችግሩ ቀርቷል ማለት ግን አይቻልም።

ችግሩ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ስቲኩ ሥር ካርቦን የተቀባ ስስ ንጣፍ አለ፤ በላዩ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ትሳባለች። ምላሷ ያለችበትን ቦታ ኮንሶሉ በቮልት ያነባል። በሺዎች ጊዜ ስትመላለስ ካርቦኑ ይላጣል፤ ብናኙና አቧራው መሐል ላይ ይከማቻል። ያን ጊዜ ስቲኩ መሐል ቆሞ ኮንሶሉ «ወደ ግራ ተገፍቷል» ብሎ ያነባል። የማግኔቱ ዓይነት ምንም ነገር ስለማይነካካ አይላጥም።

ሲጀምርዎ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። በመጀመሪያ ከሴቲንግ ውስጥ ኮንትሮለሮች የሚለው ጋ ገብተው ስቲኩን ካሊብሬት ያድርጉ (መሐሉን እንደገና ያስተካክሉ)፤ ትንሽ መንሸራተት ከሆነ በዚህ ያልቃል። ካልሆነ ጆይ-ኮኑን ያጥፉ፤ በስቲኩ ዙሪያ ያለውን የጎማ ቀሚስ በቀስታ ገለጥ አድርገው ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ኮንታክት ክሊነር አንዴ ብቻ ጭርር ያድርጉ፤ ስቲኩን 20 ወይም 30 ጊዜ ያዙሩት፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አይክፈቱት። ለበር ማጠፊያ የሚረጨውን ዘይት እንዳይጠቀሙ፤ ለሁለት ቀን ደህና ያስመስልና አቧራውን እንደ ሙጫ ይዞ ያስቀረዋል። ዋስትናው ገና ካልተቃጠለ ግን አንድም ነገር ሳይነኩ ወደ ሻጩ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ክራክ የሚደረግ (ያልተገዛ ጌም እንዲያጫውት የሚከፈት) ከሆነ እገዛለሁ፤ ይደረጋል? (ስም የለውም)

የመጀመሪያው ስዊች የተከፈተው በውስጡ ባለው የኤንቪዲያ ቺፕ ላይ በ2018 (እንደ ፈረንጆቹ) በተገኘ ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመረቱት ላይ ቀዳዳው ተደፍኗል። ስዊች 2 ቺፑ አዲስ ነው። ኒንቴንዶም በ2025 (እንደ ፈረንጆቹ) የአካውንት ውሉን ቀይሮ፣ ውሉን የጣሰ ሰው መሣሪያው በሙሉም ሆነ በከፊል በቋሚነት ከአገልግሎት ውጭ ሊደረግ እንደሚችል ጽፏል። «እኔ አስከፍትልሃለሁ» ብሎ ቀብድ የሚቀበል ሰው ካገኘህ፣ እየሸጠልህ ያለው ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የሚወጣ ዕቃ ችግር አያጣውም ይባላል። አንድ ዓመት ብቆይስ? (ከዳላስ)

አባባሉ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ኤክስቦክስ 360 በ2005 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ወጥቶ በሙቀት እየተበላሸ ቀይ መብራት ማብራት ሲያበዛ ማይክሮሶፍት በ2007 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት ለማራዘም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ኒንቴንዶ ራሱ ስዊችን በማርች 2017 ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል በሚቆይ ባትሪ አወጣ፤ በ2019 በዚያው ዋጋ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት የሚቆየውን ሸጠ፤ በ2021 ደግሞ ኦሌድ ስክሪን (ጥቁሩ ይበልጥ የሚጠቁር) ያለውን አመጣ። የስዊች 2 ስክሪን ኤልሲዲ ነው። 1080ፒ እና 120 ኸርዝ ስለሆነ ከድሮው ይልቃል፤ የኦሌዱን ጥቁር የለመደ ዓይን ግን ማነጻጸሩ አይቀርም። ኒንቴንዶ ያለፈውን ከደገመ የተሻለ ሞዴል ይመጣል። የሚመጣው ግን በአንድ ዓመት ሳይሆን በሁለት ወይም በአራት ነው።

ስለዚህ አንድ ዓመት መቆየት ባትሪና ስክሪን አይጨምርልህም። የሚጨምርልህ ጌም ነው። በመጀመሪያው ቀን የኒንቴንዶ አዲስ ትልቅ ጌም ማሪዮ ካርት ወርልድ ብቻ ነበር፤ ዶንኪ ኮንግ ባናንዛ በጁላይ 17 ቀን 2025 ተከተለ። አሮጌ ስዊች ከሌለህና ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ አሁን መግዛት ያስኬዳል። ኦሌዱ እጅህ ላይ ካለና ማሪዮ ካርት ካላጓጓህ ግን ቆይ። ከነጋዴ በ700 ዶላር ለመግዛት ካሰብክ ደግሞ በፍጹም ቆይ።

ለአገር ቤት ሰው የምትገዛ ከሆነ ካርቶኑን ሳትከፍት አትላክ። የአሜሪካው የኮንሶል ዋስትና 12 ወር ነው፤ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን ወደ ሻጩ መመለሻ መንገዱ ሻንጣ የሚይዝልህ ሰው መፈለግ ነው። ስለዚህ እዚያው ቤትህ ክፈተው፤ ሲስተሙን አሻሽል፤ ስክሪኑን ነጭና ጥቁር ሥዕል ላይ አድርገህ የሞተ ነጥብ ካለ እይ፤ ሁለቱን ጆይ-ኮኖች ነቅለህ መልሰህ ግጠም፣ ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ይያዝ፤ ስቲኮቹን በካሊብሬሽን ገጹ ላይ አዙረህ ወደ መሐል መመለሳቸውን ተመልከት፤ ሁለቱንም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች በየተራ ቻርጅ አድርግባቸው፤ ዶኩ ላይ አድርገህ አንድ ሰዓት በቴሌቪዥን አጫውተው። ይህን ሁሉ ካለፈ ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ለሚቀበለው ሰው ላክና የእጅ ሻንጣ ውስጥ ክተተው።